ባለቤቴ በሸራ ጀልባ ሊያወጣን ነው፤ ትንበያው ግን ነጎድጓድ ይላል

«ጤና ይስጥልኝ። ነዋሪነቴ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ወንዱ ሰባት፣ ሴቷ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ባለቤቴ ዓምና የሸራ ጀልባ መንዳት ተምሮ የምስክር ወረቀት አግኝቷል። አማቴ ከደሴ መጥተው አብረውን ከርመዋል፤ የፊታችን ማክሰኞ ይመለሳሉ። ከመሄዳቸው በፊት ቅዳሜ አናፖሊስ ወስዶ በኪራይ ጀልባ ቼሳፒክ ቤይ ላይ ሊያንሸራሽራቸው ቃል ገብቷል። ትንበያው ግን ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ነጎድጓድና ኃይለኛ ነፋስ አለ ይላል። እሱ ‹ጠዋት ወጥተን፣ ሁለት ሰዓት ብቻ ቆይተን፣ ዝናቡ ሳይመጣ እንመለሳለን፤ ትንበያ እንደሆነ ግማሹ ውሸት ነው› ባይ ነው። አማቴም ‹ልጄ ካለ ምን ቸገረኝ፣ እግዚአብሔር ያውቃል› አሉ። እሳቸውም እኔም ዋና አንችልም። እምቢ ብል በእናቱ ፊት ላሳፍረው ነው፤ እሺ እንዳልል ከወዲሁ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ፈሪ ሆኜ ነው ወይስ ልክ ነኝ? ልክ ከሆንኩስ እንዴት ብዬ ልንገረው?»

እህቴ፣ ቅዳሜ ቅርብ ስለሆነ ይህን መልስ ቀድሜ ለብቻሽ ልኬዋለሁ። እዚህ የማወጣው ሰመር በመጣ ቁጥር እንዲህ ያለ ጭቅጭቅ የሚገጥማቸው ቤተሰቦች ስለሚኖሩ ነው።

ፈሪ አይደለሽም። ጉዳዩ የእኔ ቢሆን በዚህ ቅዳሜ ሁለቱን ልጆችና እማማን ይዤ ከወደቡ አልወጣም። ይህን የምለው ውሃ ጠልቼ አይደለም። በዚሁ ቤይ ላይ ለዓመታት በሸራ ወጥቻለሁ፤ ሞተሩ ጠፍቶ ሸራው ነፋስ ሲይዝ የሚመጣውን ጸጥታ እወደዋለሁ። ባለቤትሽ ይህን ለእናቱ ሊያሳያቸው መጓጓቱ ያስመሰግነዋል። እኔ የማልቀበለው የሰዓቱን ስሌት ነው።

«ዝናቡ ሳይመጣ እንመለሳለን» ይላል። ጀልባን የሚጥለው ግን ዝናቡ አይደለም። በዚህ አካባቢ ሙቅና እርጥብ በሆነ የሰመር ቀን ደመናው አብዛኛውን ጊዜ በስተምዕራብ፣ ብሉ ሪጅ ተራሮች አካባቢ ይነሣና ከቀትር በኋላ ወደ ምሥራቅ፣ ዋሽንግተንን አልፎ ወደ ቤዩ ይሄዳል። ውስጡ የቀዘቀዘው አየር ከላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ መሬት ወይም ውሃ ሲነካ መውረጃ ስለሌለው በየአቅጣጫው ይፈነጠራል። ያ ነፋስ ዝናቡን ቀድሞ ይደርሳል። ውሃ ላይ ያለ ሰው ገና ፀሐይ እየሞቀው፣ ደመናውን ከሩቅ እያየ፣ ነፋሱ በድንገት አቅጣጫ ቀይሮ ይመታዋል። የመጀመሪያውን የዝናብ ጠብታ የሚጠብቅ ሰው የዘገየ ሰው ነው።

ርቀቱንም አስቢው። ለመዝናኛ የሚከራይ የሸራ ጀልባ ጥሩ ሲሄድ አምስት ወይም ስድስት ኖት፣ ማለትም በሰዓት አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። የነጎድጓድ ደመና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር መጓዝ አይቸግረውም፤ ከዚያም የሚፈጥን ብዙ ነው። ከዋሽንግተን እስከ አናፖሊስ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ሰዓት ያህል ርቃችሁ ከሄዳችሁ መመለሻውም አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ በዚያች ሰዓት ውስጥ ከእናንተ ሰፈር ላይ የነበረ ደመና አናፖሊስ ሊደርስ ምንም አይቀረው። ነፋሱ ፊት ለፊት ከሆነ ደግሞ የሸራ ጀልባ ቀጥ ብሎ ወደ ነፋስ ስለማይሄድ ዚግዛግ እያለ መምጣት አለበት፤ መንገዱ ይረዝማል። ባለቤትሽ ይህን ተምሮታል፤ ስታነሺለት ወዲያው ይገባዋል።

ቼሳፒክ ራሱ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ወደ 320 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ውሃ ሆኖ አማካይ ጥልቀቱ ከስድስት ሜትር ብዙም አያልፍም። ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይቆጣል፤ ማዕበሉ አጭር፣ ቀጥ ያለና እርስ በርሱ የተጠጋጋ ይሆናል። ጀልባው አንዱን ወጥቶ ሳይረጋ ሁለተኛው ይደርስበታል። ነፋሱም በሸራው ላይ የሚያሳድረው ጫና እንደ ፍጥነቱ ልክ አይደለም የሚያድገው፤ 10 ኖት የነበረው 20 ሲሆን ጫናው አራት እጥፍ፣ 30 ሲደርስ ዘጠኝ እጥፍ ነው። ጠዋት በለስላሳ ነፋስ «እያየሽ ነው፣ ምን አለው?» የተባለበት ሸራ፣ እሱው ሸራ፣ ጀልባውን በጎኑ ሊያስተኛው ይችላል። የእኛ ሰው እያሳሳቀ ስለሚወስድ ውሃ የሚናገረው ለዚህ ዓይነቱ ጠዋት ነው።

«አጭር ነው» የሚለውን ቃል በተመለከተ ሁለት እውነተኛ ነገር ልንገርሽ። ለባለቤትሽም እንድትነግሪው እፈልጋለሁ።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 6 ቀን 2004 ባልቲሞር ወደብ ውስጥ ሌዲ ዲ የምትባል አነስተኛ የውሃ ታክሲ 25 ሰው ጭና ከፎርት ማክሄንሪ ተነሣች። ክፍት ባሕር ላይ አልነበረችም፤ በከተማ መሃል፣ ከዳር ሆኖ በዓይን በሚታይ ውሃ ላይ፣ የደቂቃዎች መንገድ ነበር የቀራት። ድንገተኛ ወጀብ መታትና ተገለበጠች። አጠገቡ ከነበረው የባሕር ኃይል ተጠባባቂዎች ማዕከል ሰዎች በጀልባ ደርሰው ብዙዎችን ባያወጡ ኖሮ የሟቹ ቁጥር በአምስት ባልቆመ ነበር። ከዚያ የሚያጥር ጉዞ የለም።

ሁለተኛው ለእናንተ ዕቅድ የበለጠ ይቀርባል፤ ሳስበው አሁንም ያመኛል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2018 ሚዙሪ ውስጥ ቴብል ሮክ ሐይቅ ላይ፣ በየብስም በውሃም የሚሄድ የጎብኚዎች ተሽከርካሪ ሰጥሞ ከ31 ሰው 17ቱ ሞቱ። ከሟቾቹ ዘጠኙ የአንድ ቤተሰብ ሰዎች ነበሩ፤ ሕፃናትም ነበሩባቸው። ማስጠንቀቂያው ቀደም ብሎ ወጥቷል። ጉብኝቱ ዘወትር በየብስ ተጀምሮ በውሃ የሚያልቅ ሲሆን የዚያን ቀን ማዕበሉ ስለሚመጣ ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ በውሃው ተጀመረ። ሊቀድሙት ነበር ሐሳባቸው። የሕይወት አድን ጃኬቶቹ ከተሳፋሪዎቹ በላይ ተሰቅለው ነበር። «ሳይመጣ እንመለሳለን» ማለት ይኸው ነው፤ ማንም ክፉ አላሰበም።

ትንበያ ግማሹ ውሸት ነው የሚለውም ከባዶ የመጣ አይደለም። ስልካችን 60 በመቶ ነጎድጓድ ብሎ ቤታችን ላይ ጠብ ሳይል የዋለበትን ቀን ሁላችንም እናውቃለን። የሰመር ነጎድጓድ የተበታተነ ነው፤ ሮክቪልን አጥለቅልቆ ሲልቨር ስፕሪንግን በደረቁ ያልፋል። ትንበያው የሚነግርሽ አንድ የተወሰነ ቦታ ላይ የመድረሱን ዕድል ነው። ስድሳ በመቶ ካለ ደግሞ ከአሥሩ ቀን በአራቱ አለመድረሱ የሚጠበቅ ነው፤ ውሸት አይባልም። እቤት ለተቀመጠ ሰው ቢሳሳት የታጠበ ልብስ ይረጥባል፤ ውሃ ላይ ላለ ሰው ግን ስሕተቱን የሚሸከሙት ልጆቹ ናቸው። ደግሞ በስልክ ላይ ያለችው የደመና ሥዕል ለጀልባ አትበቃም። ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ለቤዩ ለብቻው የባሕር ትንበያ ያወጣል፤ ነፋሱን በኖት፣ ማዕበሉን በጫማ ለክቶ። ነፋሱ 18 ኖት ሊደርስ ሲል ለትንንሽ ጀልባዎች ማሳሰቢያ ይወጣል፤ የነጎድጓድ ነፋስ 34 ኖት፣ በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው፣ ሊደርስ ሲል ልዩ የባሕር ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ይህ ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ ደመናው ከተነሣ በኋላ ስለሚወጣ ለመሸሽ የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ነው። ባለቤትሽ ዓርብ ማታና ቅዳሜ ጠዋት ይህን ያንብብ፣ አንቺም አጠገቡ ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

መብረቁን ረሳሽው እንጂ እሱም አለ። በተዘረጋ ውሃ ላይ ከሁሉ ረጅሙ ነገር የጀልባው ምሰሶ ነው። የነጎድጓድ ድምፅ ከተሰማ መብረቁ ሊደርስ በሚችልበት ርቀት ላይ ናችሁ ማለት ነው፤ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ በኋላም ሠላሳ ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። በዚህስ እማማን አማክሯቸው። የወሎን ክረምት ያሳለፉ እናት መብረቅ ምን እንደሆነ የሚነግራቸው ሰው አያሻቸውም። «እግዚአብሔር ያውቃል» ያሉት ልጃቸውን ስላመኑ ነው፤ ትንበያውን ማን አንብቦላቸው? ነጎድጓድ ይመጣል ተብሎ በአማርኛ በደንብ ቢነገራቸው ምን እንደሚሉ እኔ እገምታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ፣ እንዴት ልንገረው ወዳልሽው ልምጣ።

በእናቱ ፊት አትንገሪው። ቅዳሜ ጠዋት ምግቡ ታሽጎ፣ ልጆቹ መኪና ውስጥ ገብተውም አትንገሪው፤ ያን ጊዜ ማንም ሰው ሐሳቡን ለመቀየር ይከብደዋል። ልጆቹ ሲተኙ፣ እማማ ወደ ክፍላቸው ሲገቡ፣ ዛሬ ማታ ንገሪው። ትንበያውን ይዘሽ አትጀምሪ፤ ትንበያ ላይ ከጀመርሽ ክርክሩ ማን ይበልጥ ያውቃል የሚል ይሆናል፣ እሱ ደግሞ ተምሯል። ይልቅ አንድ ጥያቄ ጠይቂው፦ «አንተ ውሃ ውስጥ ብትወድቅ ጀልባውን መልሶ የሚያነሣህ ማነው?»

ከዚህ በኋላ ዝም በዪ። ያስበው።

መልስ የለውማ። ጀልባው ላይ መንዳት የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ወጀብ ሲመታ አንድ ሰው መሪውን መያዝ አለበት፣ አንድ ሰው ሸራውን ማውረድ አለበት፣ አንድ ሰው ልጆቹን ካቢን አስገብቶ አብሯቸው መሆን አለበት። እናንተ ጋ ሦስቱም ሥራ በአንድ ሰው ላይ ነው ያለው፤ ሌሎቻችሁ ተሳፋሪ ናችሁ፣ ሁለታችሁ ደግሞ ዋና የማትችሉ። ዓምና የተማረ ሰው ጥሩ ቀን ላይ በቂ ነው። እኔ እንኳ እንዲህ ያለ ቀን ከመውጣቴ በፊት የሚያግዘኝ ሰው አጠገቤ እንዳለ እቆጥራለሁ።

ይህን ስትነግሪው ችሎታውን አትንኪበት። «አንተ አትችልም» እና «እኛ ልናግዝህ አንችልም» የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፤ ሁለተኛው እውነት ነው፣ አያዋርደውምም። ከዚያ መሰረዙን ራሱ ለእናቱ እንዲነግራቸው ተዪለት። «እማዬ፣ ቅዳሜ ውሃው ጥሩ አይደለም፣ አላወጣሽም» ያለ ልጅ በእናቱ ፊት አያንስም። እናት ይህን ስትሰማ ኃላፊነት የሚሰማው ሰው ማሳደጓን ታያለች። የአንቺ ስም በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መግባት የለበትም፤ «ሚስቴ ፈርታ ነው» ብሎ ከነገራቸው ግን ያን ጊዜ በደንብ ቅር በይው።

ምናልባት ዓርብ ማታ ትንበያው ይቀየር ይሆናል፤ ይህም ይሆናል። የነጎድጓዱ ነገር ከቅዳሜ ጨርሶ ከወጣና ነፋሱ ከ12 ኖት በታች ከሆነ እኔም እሺ እላለሁ። ቁጥሩን ግን አሁን፣ ማንም ሳይጓጓ፣ ሁለታችሁ ተስማምታችሁ ወረቀት ላይ አስፍሩት። ጠዋት ወደብ ላይ ቆሞ «አሥራ አምስትም ምንም አይል» ማለት ይቀላልና። ወጥታችሁም አናፖሊስ አጠገብ ካለው ከሴቨርን ወንዝ አፍ ብዙ አትራቁ፤ ለእማማ ከዚያ የሚታየው ውሃ ይበቃል። የመመለሻ ሰዓቱንም ቀድማችሁ ወስኑ፤ ሰማዩ ቢያምርም ባያምርም በዚያ ሰዓት ይመለሳል።

ጃኬቱ ላይ ድርድር የለም። የኮስት ጋርድ (የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጠባቂ) የ2022 ሪፖርት እንደሚያሳየው በመዝናኛ ጀልባ አደጋ ሰጥመው ከሞቱትና ጃኬት መልበስ አለመልበሳቸው ከታወቀው ውስጥ 85 በመቶው አልለበሱም ነበር። ሁለቱ ልጆችሽ ከ13 ዓመት በታች ስለሆኑ፣ ጀልባው ከ21 ጫማ ካጠረ፣ በሚጓዝበት ጊዜ ካቢን ውስጥ ካልሆኑ በቀር መልበሳቸው በሜሪላንድ ሕግም ግዴታ ነው፤ ከዚያ ቢረዝምም ይልበሱ። አንቺና እማማ ደግሞ ዋና ስለማትችሉ በአየር የሚነፋውን ቀጭኑን ዓይነት አትቀበሉ፤ በስፖንጅ የተሞላውን፣ በልካችሁ የሆነውን ጠይቁ። ገና ከወደቡ ላይ ሳላችሁ ለብሳችሁ ማሰሪያውን አጥብቁት። እማማ ነጠላቸውን ከጃኬቱ በላይ እንዳይደርቡት፤ ውሃ ሲነካው ይከብዳል፣ ይጠመጥማል። ቅር ካላቸው ከስር በሻሽ ራሳቸውን ይሸፍኑ።

ይህን ለምታነቡና ውሃ ላይ ሳላችሁ ሰማዩ ለጠቆረባችሁ ደግሞ፦ ሸራውን ነፋሱ ሳይደርስ አውርዱ፣ ሞተሩን አስነሡ፣ ሁሉም ጃኬት ይልበስ፣ ልጆችን ካቢን አስገቡ፣ ከብረት ነገር እጃችሁን አንሡ። ቅርብ ያለ የተከለለ ወሽመጥ ካለ ከራሳችሁ ወደብ ይልቅ ወደዚያ ግቡ። ሬዲዮኑ ቻናል 16 ላይ ክፍት ይሁን፤ ኮስት ጋርድ የሚሰማው እሱን ነው። ስልክ ውሃ ሲገባው ይሞታል።

እህቴ፣ ባለቤትሽ ይህን ሁሉ ሰምቶ «እወጣለሁ» ቢል መልስሽ አንድ ነው፦ «እኔ፣ ልጆቹና እማማ ከዳር እንጠብቅሃለን።» ድምፅሽን ከፍ ሳታደርጊ፣ ሳትዝቺ በይው፤ ሲለምንሽም አትለውጪው። ልጆችን በሚመለከት የአንድ ወላጅ «አይሆንም» ይበቃል። እሱም ብቻውን እንዲወጣ አልመክርም፤ ግን ከሄደ የት እንደሚሄድና ስንት ሰዓት እንደሚመለስ ጽፎ ይስጥሽ፤ ካለፈ ለኮስት ጋርድ ለመደወል አታመንቺ።

እኔ እንደምገምተው ግን እዚያ አይደርስም፤ ቅዳሜም ባዶ አይቀርም። ጠዋት አናፖሊስ ውሰዷቸው። የኪራዩ ቦታ ከፈቀደ ጀልባው እንደታሰረ ላዩ ላይ ቁርስ ብሉ፤ ልጃቸው መሪውን ያስይዛቸው፣ ሸራው እንዴት እንደሚወጣ ያሳያቸው፣ ፎቶ አንሷቸው። ደሴ ሲመለሱ የሚያሳዩት እሱን ነው። ከዚያ ሳንዲ ፖይንት ፓርክ ሄዳችሁ ከባሕሩ ዳር ቁጭ በሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ ቆሞ ያለው የቤይ ድልድይ፣ ወደ ሰባት ኪሎ ሜትር የሚረዝመው፣ ፊት ለፊታችሁ ተዘርግቶ ይታያል። ከምዕራብ ሲያጉረመርም መኪናው ቅርብ ነው።

እማማ የሚሄዱት ማክሰኞ ከሆነ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስና ሰኞም አሉ። እንዲህ ያለ ነጎድጓድ ያመጣው ቀዝቃዛ አየር ካለፈ በኋላ ሰማዩ ብዙ ጊዜ ይጠራል፤ ነፋሱ ግን በርትቶ ሊቆይ ስለሚችል ያኔም ያንኑ የተጻፈ ቁጥር ተመልከቱ። ስለ ኪራዩ ገንዘብ ዓርብ ሳይመሽ ደውሉ፤ በአየር ምክንያት ቀን ይቀይሩ እንደሆነ ጠይቁ፣ እሑድ ወይም ሰኞ ክፍት ጀልባ ካላቸውም ያኔውኑ አስይዙ።